የሌላ ሴት እጆች

ይድረስ ለውድ እህቴ ለራውዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? የአባባ ጉልበት እንዴት ሆነ? እማዬስ ያ ሳል ለቀቃት? ኮሮናው እናንተም ጋ ገባ ሲባል ሰምቼ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። እኔ ጭምብሉ ጆሮዬን ከመላጡ በቀር አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልኩ ከወንድማችን ከአብዱልጀባር እጅ አይወጣም፣ እሱ የሰማውን ደግሞ አገር ይሰማዋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ለምትመለሰው ለሳፊያ ሰጥቻታለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የሚስባህ ነው፤ ሸዋል ሳያልቅ ሽማግሌ ልኮ ኒካሁን በስልክ ያስራል የተባለልሽ፣ እዚህ ቴምቢሳ ሰፈር ያለው ባለሱቅ። ባለፈው ማክሰኞ ብርድ ልብስ ሊጭን እኔ የምሸጥበት የቻይኖች ሞል መጣ። ከሱቄ ትይዩ ሊን የምትባል ቻይናዊት የቤት ጌጥ ትሸጣለች። ግድግዳዋ ላይ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ነበር። አንዲት ወጣት የድሮ የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ ማራገቢያ ይዛ፣ መስኮት አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል። ፎቶ እንጂ ሥዕል አይመስልም፤ ሐሩን ብትነኪው የሚንኮሻኮሽ ነው የሚመስለው። ሎክዳውኑ ላልቶ ሱቅ ከተመለስን ወዲህ እኔም እየቆምኩ አየው ነበር።

ሚስባህ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ሲሲ ዘኪያ፣ እንደ አገሩ እህቴ ማለቱ ነው፣ ሴት ድሮ ቀረች አለኝ። እዚህ የመጡት የእኛዎቹ ሁሉ ዓይናቸው ፈጧል፣ ስቶክ ይቆጥራሉ፣ ከከስተመር ጋር ይሟገታሉ፤ ይህቺን እያት፣ አትናገር አትጋገር፤ የራውዳ ፎቶ ቁርጥ እሷን ነው፤ ስትመጣ ሱቅ ደጃፍ አትደርስም፣ ቤቴን ታሳምርልኛለች፣ ሻርፕ? አለኝ፤ እሺ አይደል ማለቱ ነው። ይህን የሚለው ስቶክ ስቆጥር ለዋልኩት ለእኔ ነው። ሥዕሉን ገዝቶ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ጫነው። አስጠላኝ፣ ራውዳ።

ለሊን ብነግራት መጀመሪያ ሳቀች። የተሣለችው አክስቷ ናት ለካ፣ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ። ቀሚሱን ከቲያትር ቤት ተውሰው ነው ያለበሷት። ሠዓሊው ሦስት ሳምንት አስቀምጦ ፊቷን እንዳለ ሣለና እጇ ጋ ሲደርስ፣ ይህ እጅ ለድሮ እመቤት አይሆንም ብሎ፣ ሌላ ሴት አስቀምጦ የእሷን እጅ ሣለበት። አክስቷ ሥዕሉ አልቆ ስታየው እጄ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። እናቴም አያቴም እንዲህ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው አያውቁም፣ ሰዎች የሚናፍቁት ያልነበረ ዘመን ነው አለችኝ ሊን።

ሠዓሊውን ስራገም ዋልኩ። ሱቁን ስዘጋ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። የአረፋ ፎቶሽ ላይ በርበሬ ለቀማ ያሻከረው እጅሽ፣ እንሰት ስትፍቂ የቆሰለው ጣትሽ ይታይ ነበር። እዚህ ያለን እህቶች ሁላችን እንደምናደርገው ፎቶ ቤት ወስጄ ከደረትሽ በታች አስቆረጥኩት፣ ፊትሽንም አስነጣሁት። አንገትሽን የደፋሽውም አብዱልጀባር እያሳቀሽ ሳቅሽን ልትደብቂ እንጂ ከጭምትነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፎቶውን ለሚስባህ ስሰጠው ግን ጭምት ናት አልኩት። ጥሩ ቤት ትግባልኝ ብዬ ነበር። አሁን ከእሱ ይልቅ የምጸየፈው ራሴን ነው።

በማግስቱ ሙሉውን ፎቶ ላክሁለት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ችግር የለም፣ እዚህ ጥሩ ቅባት አለ፣ ስድስት ወር ቤት ከተቀመጠች ይለሰልሳል ብሎ መለሰልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አይመታሽም፣ አያስርብሽም። እኔ ግን ቃሉን ልደብቅሽ አልፈለግሁም።

ውሳኔው ያንቺ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባባ ይጠይቅሻል። በእኛ ዘንድ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ መሆኑን ታውቂያለሽ። አፍረሽ ዝም እንዳትይ። እሺም ካልሽ፣ እምቢም ካልሽ፣ ሁሉም እንዲሰማ በአፍሽ ተናገሪ። እምቢ ካልሽ ስድቡን እኔ እቀበላለሁ፤ ፎቶሽን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝና።

አባባን ጉልበትህን ስማለች በይው። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። አብዱልጀባርን ምላስህን ሰብስብ ብላሃለች በይልኝ፣ እወደዋለሁም በይው። ጎረቤታችንን ሙርሺዳን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። አንቺን ግን እጆችሽን ስሜያለሁ፣ ሁለቱንም።

እህትሽ ዘኪያ
ጆሃንስበርግ፣ ግንቦት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.