የአውስትራሊያዋ ተማሪዬ

ቦንጋ፣ ሰኔ 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ጓደኛዬ ብርቅዬ ዋጫ ከተማ ገበያ ላይ አግኝታሽ «እናትሽ ከስታለች» ካለችኝ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ዝናቡ ግን ቦንጋን አልለቀቃትም፤ ያጠብኩት ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅልኝም።

ይህን ጉዳይ በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን የሚያነሱት ባልሽ ጋሽ ለገሰ ስለሆኑ ነው። ደብዳቤውን በብርቅዬ እጅ ልኬዋለሁ። አንብቡልኝ ብለሽ ለማንም እንዳትሰጪ። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ፊደል ቆጥረሻልና ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

ከማስተማሩ ሌላ ተጨማሪ ሥራ ይዤ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ምን እንደሆነ ግን በደንብ አላስረዳሁሽም። የቀጠረኝ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነበር። አውስትራሊያ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስጠና አስተማሪ እዚያው ሲቀጥሩ ይወደድባቸዋል፤ ስለዚህ ድርጅቱ በኢንተርኔት ከእኛ ጋር ያገናኛቸዋል። እኔ እዚህ ኢንተርኔት ቤት ጥግ ይዤ፣ ተማሪዋ እዚያ ክፍሏ ውስጥ ሆና፣ በላፕቶፕ እንተያያለን። እኛ ዘንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እነሱ ከትምህርት ቤት ተመልሰዋል። ለዚህ ስል የትምህርት ቤት ፈረቃዬን ወደ ከሰዓት አስቀየርኩ። ስሜንም ቀየሩልኝ፤ ለእነሱ ሜሪ ነበርኩ።

ሩቢ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደረሰችኝ። ክፍልፋይ ሲነሳባት ፊቷ ይጠቁር የነበረች ልጅ፣ በሁለት ወር ውስጥ ራሷ ጥያቄ እያወጣች እኔን መፈተን ጀመረች። አንድ ቀን ከውጭ በግ ሲጮህ ሰምታ «ሚስ፣ በጉን አሳዪኝ» ብላ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። ላፕቶፑን ተሸክሜ እስከ በሩ ወጣሁ። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

የካቲት ላይ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ የጣት ሰንበር አየሁ። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ወደቅኩ አለች። በሳምንቱ ደግሞ አንገቷ ሥር በልዞ አየሁት። ከበሩ ውጭ ኮቴ በሰማች ቁጥር እርሳሷን ጭብጥ አድርጋ ድምጿን ትውጣለች። ይህን ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። እኔም በእሷ ዕድሜ ሰው እንዴት እንደዋለ ከኮቴው እለይ ነበር።

የሚመታት የእናቷ ባል እንደሆነ ነገረችኝ። እናትሽስ ታውቃለች ወይ አልኳት። ደብተሯን እያየች፣ «ታውቃለች ሚስ። አሁን ሳህን እያጠበች ነው» አለችኝ።

እማዬ፣ አንቺ ጓዳ ቆጮ ስትከትፊ የቢላዋሽ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

አለቃችን ነቢዩ ይባላል። ደውዬ ነገርኩት። እኛ የምናስተምረው ሒሳብ ነው፣ ሰው ቤት ጣልቃ ከገባሽ ደንበኛው ይሄዳል፣ የጓደኞችሽንም እንጀራ ትዘጊያለሽ አለኝ። እዚያ አገር ለልጅ የሚደርስ መሥሪያ ቤት አይጠፋም፣ አድራሻውን ፈልግልኝ ብዬ ለመንኩት። ላስብበት አለ። እሱ እስኪያስብበት እኔ ክፍልፋይ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ራሴ መፈለግ እችል ነበር፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።

መጋቢት ሲገባ ኔት ተዘጋ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነው ያሉ ነበሩ፤ መስመሩ ነው ያሉም ነበሩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በየጠዋቱ እየሄድኩ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሲከፈት የሩቢ ስም ከዝርዝሬ ውስጥ የለም። ነቢዩን ብጠይቀው፣ ቤተሰቡ ትምህርቱን አቋርጧል፣ ምክንያት አልሰጡም አለኝ። የምትኖርበትን ከተማ ስም እንኳ አላውቅም። በመጨረሻው ቀን «ነገም አለሽ አይደል?» ብላኝ ነበር፤ አለሁ ብያታለሁ። ሥራውን በዚያው ሰሞን ለቀቅኩ።

አሁን የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርሽ። እህቴ ትሁት ለፋሲካ እኔ ዘንድ መጥታ ሳለች ፀጉሯን ሳጥባት ሸሚዟ ተንሸራተተና ጀርባዋን አየሁ። የጋሽ ለገሰ የገዛ ልጃቸው ናት፣ በእሷ ላይ እጃቸውን አያነሱም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ምንም አልጠየቅኳትም። ፀጉሯን ሠርቼ፣ አዲስ ጫማ ገዝቼላት፣ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ ወደዚያው ቤት መለስኳት።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ዋጫ እደርሳለሁ። ቤት አልገባም፤ መናኸሪያው ጋ እጠብቃችኋለሁ። ትሁትን ደብተሯንና የትምህርት ካርዷን አስይዘሽ አምጪልኝ። ለመስከረም እዚህ ትምህርት ቤት ቦታ ይዤላታለሁ። ጋሽ ለገሰ ቢጠይቁሽ፣ እህቷን ልታግዝ ሄደች በያቸው። ካላመጣሻት ሰኞ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ እሄዳለሁ፤ ከሄድኩ ደግሞ የምናገረው የትሁትን ብቻ አይሆንም።

ተቆጥቼ የጻፍኩት አይምሰልሽ። አንቺም በዚያ ቤት ምን ያህል ትፈሪ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። የምተኛበት አልጋ ሰፊ ነው። ትሁትን ስታመጪ የራስሽንም ልብስ በፌስታል ይዘሽ ብትመጪ፣ ለሦስታችንም ይበቃል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልብሽንም ያበርታልሽ።

የበኩር ልጅሽ