እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩት የወ/ሮ የሺዓለም ሰይፈሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ የሺዓለም ከአባታቸው ከአቶ ሰይፈሚካኤል ደምሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉብርሃን አየለ ግንቦት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በአርሲ፣ አቦምሳ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አማርኛና ኦሮምኛ አፋቸው ላይ እኩል ነበሩ። የሚቆጡት ግን በኦሮምኛ ስለነበር፣ እኛ እቤታቸው ያደግን የእህት ልጆች እስከ ዛሬ የምንፈራው ኦሮምኛውን ነው።

በ1976 ዓ.ም. ወደ መልካሳ መጥተው የቦሎቄ ዘር በመልቀም ሥራ ተቀጠሩ። እዚያም የአይሱዙ ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ገመቹ መርዳሳ ጋር ተዋውቀው በ1980 ዓ.ም. ጋብቻ መሠረቱ፤ ኑሯቸውንም አዳማ አድርገው ሉሊትንና ኢዩን ወለዱ። አቶ ገመቹ በ1999 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወ/ሮ የሺዓለም በአንድ ሆቴል ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ2010 ዓ.ም. አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው የሚያግዝ አንድ ማኅበር ቀጠራቸውና ወደ ቶኩማ ጫምሳ ላካቸው። ቶኩማ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከልደቱ ጀምሮ እጅና እግሩ እንደ ልቡ አይታዘዙለትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሳል፤ ንግግሩም ዝግ ያለ ነው። ከደራ፣ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ አዳማ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻውን ለመኖር ሲነሳ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ልጁ አብዷል አለ። አባቱ አቶ ጫምሳም፣ «እስኪ ሞክረው። ያቃተህ ቀን መጥቼ እወስድሃለሁ» ብለው ነበር ያሰናበቱት።

ገላውን ማጠብና ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር የወ/ሮ የሺዓለም ድርሻ ነበር። ቶኩማ ሸሚዙን ሲቆልፍ፣ ሽንኩርት ሲልጥ ወይም ምሳውን ሲበላ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። «ልርዳህ?» ሳይሉ፣ እሱም «እሺ» ሳይል ጣታቸውን አያነሱም። ሊያነሱት የሚሽቀዳደሙትን የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀር ይህንኑ አስተምረዋቸዋል፤ ያስተማሩትም በኦሮምኛ ነው። የግቢው ባለቤት ወ/ሮ ሑስና አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው፣ «እንዴት አንጀትሽ ቻለ? ልጁ ከአዝራር ጋር ሲታገል ቆመሽ ታያለሽ?» ቢሏቸው፣ «መች ቻለና! እጄ እንዳይቀድመኝ እኮ ነው የማስረው» ብለው መለሱላቸው።

ቶኩማ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱን ቤት አደረገው። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጽሑፍ የመተየብ ሥራም አገኘ። ሽሮው ጨው ይበዛበታል። ወ/ሮ የሺዓለም እየበሉ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ «እትዬ፣ ልርዳዎት?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የጉበት ሕመም ያዛቸው። አዳማም አዲስ አበባም አሳከምናቸው፤ ጠበል ወሰድናቸው፤ የተባለውን ሁሉ አደረግን። ምንም ማድረግ አልቻልንም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቶኩማ በባጃጅ እየመጣ ያያቸው ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ሲጠጡ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ሁላችን ብድግ ስንል እሱ ብቻ ባለበት ቀረ። ማንኪያውን እስኪያገኙት ጠበቀ፤ አላገኙትም። ከዚያ «እትዬ፣ ልርዳዎት?» አለ። እሳቸውም፣ ለማናችንም እሺ ብለው የማያውቁት ሴትዮ፣ «እሺ» አሉት። ግማሹ ሾርባ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። እንደዚያን ቀን በልተው አያውቁም።

ወ/ሮ የሺዓለም ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ቶኩማን ከየትኞቹ ጋር እንደምንጽፈው ተቸግረናል፤ ልጃቸው አይደለም፣ ዘመዳቸውም አይደለም። ቃሉን ስላጣንለት ለብቻው ጽፈነዋል።

ትናንት ከድንኳኑ እንደገባ ለቀስተኛው ሁሉ አዘነለት። አንዱ እጁን አጠበለት፣ ሌላው ኮቱን ቆለፈለት፣ እናቶች በየተራ አጎረሱት። ክፋት አልነበረም፤ የሐዘን ቤት ፍቅር ነው። እሱም አንድም ጊዜ እምቢ ሳይል አፉን ከፈተ። አባቱ አቶ ጫምሳ ዳር ቆመው ይህን ያዩ ነበር። ከቀብር በኋላ ልጃቸውን ወደ ደራ ይዘው ለመመለስ መኪና ይዘው መጥተዋል፤ ልንቆጣቸው አንችልም። ማኅበሩም ለጊዜው ሌላ ሰው የለኝም ብሎናል። ቶኩማ ወደ ሉሊት ዞሮ፣ «ነገ ጠዋት ማን ይመጣል?» ሲል ጠየቃት። ሉሊት እኛን አየች፤ እኛም እርስ በርስ ተያየን።

ውድ ለቀስተኞች፣ አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። ቶኩማ መቃብሩ ላይ አፈር ማልበስ እፈልጋለሁ ብሏል። ለመጎንበስ ጊዜ ይወስድበታል፤ አፈሩም ከእጁ ያመልጠው ይሆናል። እባካችሁ አትሽቀዳደሙ። «ልርዳህ?» በሉትና መልሱን ጠብቁ። አቶ ጫምሳ፣ አባታችን፣ እርስዎም እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ከእኛ ጋር ይቁሙልን፤ መኪናው ትንሽ ይቆይ።

ሰው እስኪጨርስ ቆመው መጠበቅ የሚያውቁትን የእናታችንን ነፍስ፣ እግዚአብሔር በደጁ አያስጠብቃት። አሜን።