አልከፍት ስላለው የናጅዋ ሊንክ

ለተከበሩ የጤና ኮሌጁ የኢንተርኔት ምዝገባ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና በኮምፒውተሮችዎ ሁሉ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንደምን ነው? የኔትወርኩስ ጤና? እኛ በመርሳ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ማንጎውም ይዞልናል፤ ያልያዘልን የልጄ ምዝገባ ብቻ ነው።

እኔ ሙሄዲን እባላለሁ፤ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። ልጄ ናጅዋ ኮሌጅዎ ለአዋላጅ ነርስነት ያወጣውን ፈተና አልፋ፣ ቦታዋን ለማጽናት የቀራት በኢሜይል የሚላክላትን ሊንክ መጫን ብቻ ነበር። ከቤታችን ኢሜይል ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ አድራሻዬን በኩራት አስመዘገብኩ፤ የሰፈሩ ሰውም ሙሄዲን ኢሜይል አለው እያለ ሲያወራ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፌያለሁ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመጀመሪያው ኢሜይልዎ «ሰላም ናጅዋ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ይጀምራል። ሰላም ላለን ሰው አጸፋውን ሳይመልሱ በሩን ገፍቶ መግባት በእኛ አገር ነውር ስለሆነ፣ ሊንኩን ከመንካቴ በፊት መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የመምህራኑን ጤና ጠየቅሁ፤ የዘበኞቹን ጠየቅሁ፤ በዚያ በኩል ዝናቡ እንዴት እንደያዛችሁ ጠየቅሁ፤ ለኮሌጁም ረዘም ያለ ዱዓ አደረግሁ። በአንድ ጣት ስለምጽፍ ጊዜ ወሰደብኝ። ጨርሼ ሊንኩን ስጫነው «ጊዜው አልፎበታል» አለኝ፤ ለካ የሚያገለግለው ለአንድ ሰዓት ብቻ ኖሯል። ሰላምታዬም «ይህ አድራሻ መልስ አይቀበልም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሰላም ብሎ አጸፋውን የማይቀበል እስካሁን አላጋጠመኝም ነበርና፣ በዚህ ዕድሜዬ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ሌላ ሊንክ ለመንን፤ እርስዎም ሳይሰለቹ ላኩልን። በዚህኛው ሰላምታውን ዘልዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወዲያው ተጫንኩት። ምንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት። ጣቴን የማንጎ ጭማቂ ነክቶት ይሆናል ብዬ ታጥቤ ተጫንኩት። ባለቤቴ ሀጂራ «አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ለልጅቱ ስጣት!» ብትለኝ፣ የኢሜይሉ ባለቤት እኔ ሆኜ እንዴት ተደርጎ! መርሳ ላይ እምቢ ያለ ወልድያ ላይ እሺ ይል ይሆናል ብዬ በአውቶቡስ ወልድያ ሄድኩ፤ እዚያም አዲስ ሊንክ አስላክሁ። ወልድያም እንደ መርሳ ዝም አለችኝ። ወደ እርዳታ መስመርዎ ስደውል፣ እጅግ ትሑት የሆነ ሠራተኛዎ መፍትሔውን በኢሜይል እንደሚልክልኝ ነገረኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። የላከልኝ «ሊንክ አልከፍት ካለዎት፣ መፍትሔውን ለማየት ይህን ሊንክ ይጫኑ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ያሰበውን ሰው ግንባሩን ልስመው እመኛለሁ።

ሦስተኛ። ይህን ቅሬታ ሰርዤዋለሁ። ስልኬን ያበላሹት እርስዎ ነዎት የሚል ነበር፤ ግራና ከተማ ገበያ ድረስም ለሰማ ላልሰማ አውርቼዋለሁ። ነገር ግን ዝሁር ልሰግድ በቆምኩበት ናጅዋ ስልኩን አንስታ ስታየው፣ ሊንክ የሚከፍተውን ብሮውዘር የሚሉትን አፕ ያጠፋሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ከመጀመሪያው ሊንክ በኋላ ስልኩ ሞላ ባለኝ ጊዜ የማላውቀውን ሁሉ እያስወጣሁ ለመንዙማ ቦታ አስለቅቄ ነበር። አፉ ይበሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኔ ዓይነቱ አባት ደግሞ ከሊንክም አያስጥልም።

ናጅዋ ብሮውዘሩን ወደ ቦታው መልሳ ሌላ ሊንክ አስላከች፤ በአንድ ንክኪ ተከፈተላት። ውስጡ «ምዝገባው ተዘግቷል» ይላል። ስልኩን በቀስታ መለሰችልኝና «አብሽሩ አባ፣ ለኸይር ነው» አለችኝ። ልትቆጣኝ ሲገባ ስታጽናናኝ፣ ክቡር ሆይ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ፈተናውን ያለፈችው ልጄ በራሷ ጭንቅላት ነው፤ የወደቀው የእኔ አውራ ጣት ነው። ስሟ ካለፉት ጋር ቢሮዎ ውስጥ ተጽፎ አለ። የእኔን ጥፋት በእኔ ላይ ጽፈው፣ የእሷን ቦታ ለእሷ እንዲሰጡልኝ እለምናለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉልን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ጣቱ ለሊንክ ያልታደለ፣ ለኮሌጅዎ ዱዓ ከማድረግ ግን ያልቦዘነ አክባሪዎ፣
ሙሄዲን፣ የናጅዋ አባት
ከመርሳ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከክፍልዎ አዲስ ኢሜይል ደረሰኝ። በአዋላጅ ነርስነት ተመዝጋቢ ስላነሰ ባዶ ቦታ አለ፣ የሚፈልግ ሊንኩን ተጭኖ ያመልክት ይላል። እኔ ሳልነካው ስልኩን ለናጅዋ ሰጠኋት፤ ሊንኩም ከፈተላት። ስሟን ስታስገባ ግን «ከዚህ በፊት ስላለፉ ድጋሚ ማመልከት አይችሉም» አላት። ስለዚህ ሰኞ ሁለታችንም በአውቶቡስ እንመጣለን፤ የግቢዎ በር በምን እንደሚከፈት ብቻ አስቀድመው ይንገሩን።