የመርሳ ውሾች ደም

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የውሾችን የውርጃ በሽታ ከደም የሚለይ ምርመራ ለመሥራት ስደክም ከርሜ፣ ምርመራው ከመርሳ ከተማ የመጣው ደም በሙሉ በሽታው አለበት አለኝ። አንድም ጤነኛ የለም። እንዴት ይሆናል? ኬሚካሉን ስጠረጥር፣ የገዛ እጄን ስጠረጥር ሰነበትኩ። ዛሬ ግን ከየቤቱ ውሻ ደም እየቀዳ የሚያመጣልኝን ባልደረባዬን ገዛኸኝን ጠረጠርኩ። ሳልነግረው ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ።

ውሻቸው ተመርምሯል የተባሉት አባባ ሰይድ ደጅ ስደርስ፣ ውሻው ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ።

«አባባ፣ ከዚህ ውሻ ደም እንዴት ተቀዳ?» አልኳቸው።

«ከሱ? ወላሂ ልጄ፣ ከእኔ በቀር የሚጠጋው የለም! ያ ልጅም ፈርቶ ከጎረቤቴ ውሻ ቀድቶ ሄደ።»

በሌሎች ሁለት ቤቶችም ጠየቅኩ። መልሱ ያው ነው፤ የተቀዳው ከዚያችው ውሻ ነው።

የአባባ ሰይድ ጎረቤት ውሻ የዋህ ናት፤ ጅራቷን እየቆላች መጣች። የፊት እግሮቿ ጠጉር ተላጭቷል፤ ቆዳዋ በመርፌ ተበሳስቷል። ስንት ጊዜ እንደወለደች ባለቤቷን ጠየቅኋት።

«ኧረ የት ወልዳ! ሁሌ ታስወርዳለች» አለችኝ።

ለካ ምርመራዬ እውነቱን ነው የነገረኝ። ያ ሁሉ ብልቃጥ የአንዲት ውሻ ደም ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ገዛኸኝ ከሌላዋ ከተማ ከውርጌሳ ያመጣልኝ ደም ደግሞ በሙሉ ንጹሕ ነበር። ምርመራዬ ጤነኛውንም ይለያል ብዬ የተማመንኩት በዚያ ደም ነው።

ገዛኸኝ ቤቱ ውሻ አለው። ሰው የማይነክስ።