በአንድ ዲስክ የታጨቀው ሰርግሽ

ይድረስ ጅዳ ላለሽው እህቴ ሱሀይላ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያቃጠለኝ ቪዲዮ ቤት ያለው ተረፈ ነው። የሰርግሽን የአራት ሰዓት ቪዲዮ ወደ ዲቪዲ ገልብጥልኝ ብለው፣ ጥራቱን አውርዶ በአንድ ዲስክ አጨቀው። ፊትሽ ተቆራርጦ የተሰበረ ሸክላ መሰለ። «ሰው የሚወደው አንድ ዲስክ ነው» ይለኛል ደግሞ። ተጣላሁትና ቢትሬት የሚሉትን የጥራት መጠን ከፍ አድርጎ በሁለት ዲስክ ሠራው። አሁን የእጅሽ ሂና ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

እማዬ ግን አፍንጫዋ ቴሌቪዥኑን እስኪነካ ተጠግታ፣ «ይኸ ሰውዬ አሁንም አደብዝዞታል፤ ሙሽራዋ የቷ ናት?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ሥራ አያውቅም» አልኳት። ለእሷ ስል ነገም ሄጄ እጣላዋለሁ።

ለኢድ ነይ፤ ለከርሞ አትበይኝ። አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ወንድምሽ አህመዲን፣ ከመካነ ሰላም