ያልተመታችው ሚስማር

ይድረስ ለወንድሜ ለሳሊህ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል ሳሊህዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ? ሙቀቱስ እንቅልፍ ያስተኛሃል? ምሳህን ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውሁት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ያለፈው ማክሰኞ እንደገና ልለምንህ ስደውልልህ የጀመርሁትን ሳልጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትቀድደው እንኳ ቁርጥራጩን ለቅመህ ታነበዋለህ፣ አውቅህ የለ! ጎረቤታችን እትዬ ሐፍሳ ቅዳሜ ለዑምራ ስለሚበሩ በእጃቸው ልኬዋለሁ። እሑድ ጠዋት ያገኙሃል። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሡ አደራ ብያቸዋለሁ።

ነገሩ ያው የአባባ ስልክ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የላክህላቸው ስልክ መስተዋቱ አልተሰነጠቀ፣ ባትሪው ቀን ሙሉ ይይዛል። ግን የሠራው ኩባንያ ለዚህ ዓይነት ስልክ ከእንግዲህ አዲስ ሶፍትዌር አልሰጥም ብሎ ተወው። በዚህ የተነሣ አባባና ወንድማችን አብዱልሃኪም ሐይቁ ላይ ሆነው አንዱ የሌላውን ጀልባ የሚያዩበት ካርታ፣ ስልኩ አርጅቷል እያለ አልከፍት አለ። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ስልክ ጠጋኝ አምሐ አየውና፣ ስልኩ ጤነኛ ነው፣ በነፃ የሚገኝ ሌላ ሶፍትዌር ልጫንበትና እንደ አዲስ ይሠራል አለን። እሰይ ብለን ሳናበቃ ሌላ ጣጣ መጣ። ለካ ኩባንያው ከራሱ በቀር የሌላ ሰው ሶፍትዌር እንዳይገባበት ስልኩን ከውስጥ ቆልፎታል። ለማስከፈት የእሱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚመጣው በምስጢር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የሚላከው ስልኩ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ያ ሰው አንተ ነህ። አባባ እንዳይቸገሩ ብለህ ገና ሳትልከው በራስህ ስም አስመዝግበኸዋል። አምሐ ጠየቀ፣ ቁጥሩ አንተ ዘንድ መጣ፣ አንተ ደግሞ አልሰጥም አልህ።

ያልኸውን ከንቱ ነው አላልሁም። ኩባንያው የጻፈውን ማስጠንቀቂያ አንብበህልኛል፤ ስልኩ ይበላሻል፣ ሌባ ይገባበታል ይላል። ፈርተሃል። ደግሞም፣ እህትህ ነኝና ልናገረው፣ በላቤ የገዛሁትን ስጦታ ሆዱን ሊዘረግፉት ነው ብለህ ተከፍተሃል። ሌባ እንዳይገባ መቆለፉ ባልከፋ። ባለቤቱን ከገዛ ቤቱ ደጅ የሚያስቀር ቁልፍ ግን ምን የሚሉት ቁልፍ ነው? አዲስ እልካለሁ አልህ። አዲሱንስ ነገ እንዲሁ ቢተዉት? ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ያልኸው እውነት ነው፤ ፎቶዎቹን ግን አምሐ ሜሞሪ ላይ ገልብጧቸዋል፣ በሱ አትስጋ።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርሁህን ልንገርህ። እማ ልጄን በሰው አገር አታስደንግጡት ብላ አፌን አስይዛኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሁለቱም በየጀልባቸው መረብ ሊያነሡ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከጎርጎራ በኩል ነፋስ ተነሣ፤ የሰኔን ነፋስ ታውቀዋለህ። አብዱልሃኪም ዳር ደረሰ፣ አባባ የሉም። ትንሽ ቆይቶ ደወሉ። ሞተሩ ጠፍቶባቸዋል። የት ነዎት ቢላቸው፣ ደመናው ዳሩን ሸፍኖታል፣ ዛፍም ደሴትም አይታየኝም፣ የት እንዳለሁ አላውቅም አሉት። ከዚያ ተቋረጠ።

አባባ እኮ ናቸው ሳሊህ! ሐይቁን እንደ ግቢያቸው የሚያውቁት አባባ የት እንዳሉ ጠፋቸው። እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ያሉበትን ያውቃል፣ ለእኛ ግን አይናገርም። አብዱልሃኪም በዚያ ማዕበል ተመልሶ ገባ። ድሮ ቢሆን ካርታው ላይ አይቷቸው ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ያን ቀን በዳበሳ ነው የዞረ። እማ ውሃው ዳር ቆማ ዱዓ ስታደርግ ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸች። እኔማ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንተን ስረግም ነበር።

ሊመሽ ሲል አብዱልሃኪም ጀልባቸውን እየጎተተ ብቅ አለ። ነፋሱ ደንገል ውስጥ ወርውሯቸው፣ ገመዱን ከደንገሉ ጋር አስረው በእጃቸው ጨብጠው እንዳሉ ነው ያገኛቸው። የጀልባዋ አፍንጫ ተሰብሯል። የእሳቸውም መዳፍ ተልጦ ብርጭቆ መያዝ አቅቷቸው ሻዩን ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

የሚገርምህ፣ አባባ በኩባንያው እንኳ አልተቆጡም፤ ግራ ነው የገባቸው። ጀልባ ሲሠሩ ያላቸውን ልማድ መቼም አትረሳውም። ሁሉን ጨርሰው አንዲት ሚስማር ያስቀራሉ፤ እሷን ባለቤቱ ራሱ ይመታታል። ከዚያ ወዲያ ጀልባዋ የባለቤቱ ናት፣ ያሻውን ያድርጋት። ያ የዘጌው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? አባባ ስንት የተጨነቁበትን አፍንጫ ገንጥሎ ሌላ ሊገጥም ሲመጣ ፊታቸው ጥቁር አለ፤ መዶሻቸውን ግን አዋሱት። ሚስማሯን መትቷል፣ የሱ ናት አሉ። አሁን ታዲያ ስልኩን በጨርቅ በተጠቀለለ እጃቸው እያገላበጡ፣ ለካ የዚህን ሚስማር አልመታሁትም፣ ይኸን ሁሉ ዘመን የሰው ጀልባ ነው ስቀዝፍ የኖርሁት አሉ። አምሐ በጉልበት ልሞክረው ቢላቸው፣ ጭራሹን ሊሞት ይችላል ስላለ እንዳይነካው ከለከሉት። ስምህን አላነሡም። እኔ ግን አነሣዋለሁ፤ አንተም ሰጠህ እንጂ አላስረከብህም።

ጀልባዋን ጠግነው ጨርሰዋል። እማ አልቅሳ እስከ እሑድ ከቤት እንዳይወጡ ወላሂ አስብላቸዋለች። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ግን ይወጣሉ። እኔም አብዱልሃኪምም ለመንናቸው፤ ማን ሊመልሳቸው! እሳቸው ደግሞ ምን ያድርጉ፣ ዓሣ ካልወጣ ይህ ቤት አይበላም። ነፋሱ እንደሆነ ገና አልወጣለትም። ስልኩ አምሐ ዘንድ ነው፤ ለእኛ ሲል እሑድ ሱቁን ከፍቶ ይጠብቃል። የሱን ስልክ ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። የመጣልህን የምስጢር ቁጥር ደውለህ ንገረው፤ ጊዜው አልፎበትም ከሆነ እንደገና ይጠይቅልሃል። ከነገርኸው እስኪመሽ ይጨርሰዋል።

እማ ግንባርህን ትስማለች፤ ድምጿ አልተመለሰምና በስልክ ስትሰማት እንዳትደነግጥ። አብዱልሃኪም ተቀይሞሃል፣ ግን ሰላም በይልኝ ብሏል። ልጄ ኢልሃም የላክህላትን መጋረጃ ሰቅላ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች ታሳያለች፤ አጎቴ ይኑርልኝ ትልሃለች። እኔም ብረግምህም ናፍቀኸኛል።

አባባን ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ ወገቡን ይጠብቅ በይው አሉኝ። መዶሻው አንተ እጅ ነው ያለው ሳሊህ። ሰኞ ጀልባዋን ወደ ውሃው ከመግፋታቸው በፊት አቀብላቸው።

እህትህ ዘሊካ
ባሕር ዳር፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.