ፋብሪካው ያላሰረው ክር

ሐሙስ፣ የካቲት 12 ቀን
ጋራዡ ሳይከፈት

ለልጄ፣ ለቡሎኔ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። እናትሽ ደህና ናት። እኔ ግን ከሰኞ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ። ሁለት ዓመት ዝም ብዬሽ ከርሜ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልሽ ሰው ሞተ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። ሊሞት ግን ነበር፤ ያውም በኔ እጅ። ወረቀቱ መብዛቱን አይተሽም አትሳቂ፤ ፊደሌን አግንኜ ስለጻፍኩት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እናትሽ እህቷን ልታስታምም ሄደች። በሄደች በሦስተኛው ቀን ሳይታሰብ ዕቃ መጣ፤ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ። መደርደሪያውን የምትደረድረው እናትሽ እንደሆነች ታውቂያለሽ። እኔ እጄን እዘረጋለሁ፣ የፈለግኩትን አገኛለሁ። ያን ቀን ግን ካርቶኑን ራሴ ስከፍተው ጉድ አየሁ። ክር የለውም!

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ፋብሪካው አንድ ብልሃት ጀምሮ ነበር። ለሞተር ሳይክል የሚሆነው የዘይት ጣሳ እጀታው ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል፤ የመኪናው አይታሰርበትም። ፊልትሮውም እንደዚያው ነው። አንድ ቋጠሮ ያለው ለትንሹ ሞተር፣ ሁለት ቋጠሮ ያለው ለትልቁ። በጣት ዳበስ አድርጎ መለየት ነው። «እንዲህ ነው እንጂ ለሠራተኛ ማሰብ!» እያልኩ ለስንቱ ደንበኛ አውርቻለሁ መሰለሽ። ታዲያ ዕቃውን ባመጣው ሾፌር ላይ አፈጠጥኩበት።

«ክሩ የታለ?»

«የምን ክር ጋሼ?»

«የፋብሪካው ነዋ! አስመስለው የሠሩትን ነው እንዴ ያመጣህልኝ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ጋራዥ አድርሻለሁ፤ ክር የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ጽሑፉን ያንብቡት እንጂ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

የዘንድሮ ሰው ሥራውን አያውቅም ብዬ ተውኩትና በጣሳው ቀለም እየገመትኩ ደረደርኩት።

አዋላጇን ታስታውሻታለሽ፣ ያቺን ሁሌ የምትቸኩለዋን። ባለፈው ዓርብ ሞተር ሳይክሏን አመጣች። ዘይቱን ቀየርኩ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ጠራርጌ ሰጠኋት። ሰኞ ረፋድ ላይ ቀና ስል ሞተር ሳይክሏን እየገፋች በእግሯ ትመጣለች። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ደም አለበት።

«ምን አድርገውበት ነው ጋሼ?» አለችኝ። «ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ስሄድ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። ወደ ኋላ ይዞኝ ወረደ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ አጋድሜው ዘልዬ ነው የተረፍኩት!»

የቀረውን መንገድ በሩጫ ሄዳ ሴትዮዋን አዋልዳለች፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። እኔ ግን ያን ገደል አውቀዋለሁ። ጎማው ያልሄደው ፍሪሲዮኑ አልቆ ይሆናል ብዬ ብፈታው ምንም አልሆነም፤ ብቻ ሳሙና የተቀባ ይመስል ያሙለጨልጫል። አዋላጇ ከመደርደሪያው ላይ አንዱን የዘይት ጣሳ አነሳችና አገላብጣ አየችው።

«ከዚህ ነው የጨመሩልኝ?»

«አዎ፣ ከሱ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለመኪና ብቻ ነው የሚለው።»

የሷን ድምፅ አይደለም የሰማሁት፤ ያንቺን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከቤት የወጣሽ ዕለት፣ የአስተማሪውን ሞተር ሳይክል ስሠራ በደንበኛ ፊት ያልሽኝ ይህንኑ ነበር። «አባዬ፣ የመኪና ዘይት ነው የጨመርክበት። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ያንሸራትተዋል። እባክህ ጣሳውን አንብበው» አልሽኝ። እኔ ምን እንዳልኩሽ አልደግመውም። እጅሽን ጠረግሽ፣ ጨርቁን ምስማሩ ላይ ሰቀልሽና ወጣሽ። ጨርቁ አሁንም እዚያው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እናትሽ ተመለሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መደርደሪያው ፊት ቆመች።

«ማነው ይሄን የደረደረው?»

«እኔ ነኝ። ዘንድሮ ፋብሪካው ክሩን አስቀርቶታል።»

አሮጌው ጎማ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር እጇን ሰደደችና ቀይ የክር ጥቅል አወጣች።

«የምን ፋብሪካ ነው የምታወራው? እኔ ነኝ የማስረው።»

«አንቺ ደሞ የትኛው የምን እንደሆነ በየት በኩል አወቅሽው?»

«ልጅህ ናታ! ዕቃ በመጣ ቁጥር ትደውላለች። እኔ ጣሳው ላይ ያለውን አነብላታለሁ፣ እሷ ‹እሱን እሰሪው፣ ያንን ተዪው› ትለኛለች። አንተ ስልኳ ሲጠራ ጎማ ልትነፋ ትወጣ የለም?»

ሁለት ዓመት! ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ እኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያገኙት» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ስንጎራደድ፣ ለካ ዘይቱን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ከስልኩ ማዶ ሆነሽ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እንደ ሕፃን ታባብሉኛላችሁ ብዬ የቡሎን ቁልፍ ወረወርኩ። ከዚያ የአዋላጇ ጉልበት ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ልጄ፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

አዋላጇን ጠርቼ ያደረግኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት። «የሚሠሩልኝማ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ግን አጠገብዎ ቆሜ አነባለሁ» አለች። ትናንት እሷ እያነበበች እኔ ቀየርኩ። እዚያው ዕለት ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥታዋለች።

አሁን ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎችሽ። እናትሽ «አነበብከው?» ባለችኝ ቁጥር «ጉዳዬ አይደለም» እላት ነበር፤ እሷም ይህንኑ ነግራሽ ይሆናል። ውሸቴን ነው። ሦስቱንም የመጡ ዕለት ከፍቻቸዋለሁ። ከጋራዡ ጀርባ ፀሐይ ላይ ወጥቼ አስጠግቼም አርቄም አይቻቸዋለሁ። እናትሽ ታንብብልኝ እንዳልል፣ ስድብም ቢሆን ለብቻዬ ልሰማው ፈለግኩ። ጽሕፈትሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ደቃቅ ነው። ከላይ «አባዬ» የምትለዋን ብቻ ለየኋት፤ እሷን ከፍ አድርገሽ ጽፈሻታል።

የያዝሽው ቁልፍ አይንሸራተትብሽ። የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ። ከላይሽ የሚቆም ክፉ አለቃ አይዘዝብሽ።

አባትሽ

መልስ ስትጽፊልኝ ሁሉንም እንደ «አባዬ» አድርገሽ ጻፊው።